የኦዴሳ ፎጣ እና ደረቁ ሰባኪ

ኦዴሳ ፔትዌይ ከሞተች ወዲህ ሰዉ ሁሉ ቅድስት አድርጓታል። እኔ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ስጣላት የኖርኩ ሴት ነኝና ቅድስናውን ቀነስ አድርጌ ነው የማወራላችሁ። ቂመኛ ነበረች። ምላሷ ምላጭ ነው። የሰው ዶሮ ጥብስ ቀምሳ "ጨው አንሶታል" ሳትል አታልፍም። ጓደኛዬ ነበረች።

በሥራ ቀን በአውራጃው ሆስፒታል ረዳት ነርስ ናት፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ነርስ። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ቆብ፣ ነጭ ጓንት፣ ነጭ ጫማ። ከመድረኩ በስተግራ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥና ለሰባኪው ውሃና ፎጣ ታቀብላለች፤ መንፈስ ነክቶት የሚወድቀውን ሰው ደግሞ ታነሳለች። ደቡብ ጆርጂያ በነሐሴ ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ የቀብር አስፈጻሚው ያደለንን የወረቀት ማራገቢያ ሁላችንም እያርገበገብን እንኳ በየእሑዱ ሰባት ስምንት ሰው ይዘረራል። ታዲያ የትኛውን መንፈስ እንደጣለው፣ የትኛውን ሙቀት እንደጣለው በምን ይታወቃል?

ኦዴሳ ታውቃለች። ጓንቷን ታወልቅና የእጇን ጀርባ ማጅራትሽ ላይ ታሳርፋለች። እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ መንፈስ ነው ብላ ትተውሻለች። ደረቅና የጋለ ከሆነ "ውሃ!" ብላ ትጮኻለች። እርጥብ ሆነሽ ግን በአንድ ዓይንሽ ማን እንዳየሽ የምትሰልይ ከሆነ፣ ወደ ጆሮሽ ጎንበስ ብላ "ቀሚስሽ ተገልጧል" ትልሻለች። ይቺን ሰምቶ ያልተነሳ ሰው አላየሁም። እኔን ራሴን ሁለት ጊዜ ጉድ ሠርታኛለች።

እኔ ዜኖቢያ እባላለሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ካባና ፎጣ የማጥበው እኔ ነኝ። ስለ ሰባኪ ላብ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር። ሟቹ ፓስተራችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲሰብክ ላቡ ከአገጩ እየተፈናጠረ ፊተኛው አግዳሚ ድረስ ይደርስ ነበር፤ እናቶች እዚያ ለመቀመጥ በጠዋት መጥተው ይሻማሉ። ጥቁር ካባው ሲደርቅ ጀርባው ላይ የጨው መስመር በመስመር ላይ ይደራረብበታል። ከገመድ ሳወርደው ብቻውን ሊቆም ምንም አይቀረውም። እኛ ዘንድ ስብከት የሚለካው በዚሁ ነበር። "ዛሬ እንዴት ነበር?" ብለህ ስትጠይቅ "ሁለት ፎጣ" ነው መልሱ። ፋሲካ ዕለት አራት ፎጣ ይደርሳል። አንድ ፎጣ የሰበከ እንግዳ ምሳ ይበላና ይሸኛል።

ሟቹ በ1974 ጸደይ ላይ አረፈና ቦታው ባዶ ቀረ። በነሐሴ ሊንዉድ ቴት የሚባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሩ ሳሳ ያለ፣ ቅንድቡ ከሩቅ የማይታይ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከድን። ደንቡ ሦስት እሑድ መስበክ ነው፤ ከሦስተኛው በኋላ ባለው ቅዳሜ ምዕመኑ እጅ አውጥቶ ይወስናል። ልጁ ከእኛ በፊት አራት ቤተ ክርስቲያን ሞክሮ አራቱም "እግዚአብሔር ይባርክህ" ብለው ሸኝተውታል። እኛም ካልፈለግነው ወደ በረዶ ፋብሪካው ሥራው እንደሚመለስና ሁለተኛ መድረክ እንደማይረግጥ ላሳደሩት ሰዎች ነግሯቸዋል። በእኛ ከተማ ለአንድ ሰው የተነገረ ነገር ለውሻውም ሳይደርስ አይመሽም።

የመጀመሪያው እሑድ ስለ ጥማት ሰበከ። ወይ ስብከት! እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያለ አንደበት ሰምቼ አላውቅም። "በል!" "ተናገር!" "አሜን!" እየተባለ ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ኦዴሳ ፎጣዋን ይዛ ተነሳችና ግንባሩን ጠረገችለት። ፎጣውን አየችው። ገልብጣ አየችው። ደረቅ።

ከአምልኮ በኋላ ጓሮ ምሳ ላይ ስንቀመጥ ዲያቆን ሆዜያ የዶሮውን እግር እንደያዘ ፍርዱን ሰጠ። "አፍ አለው፤ አልክድም። ግን ልጁ አልሠራም። ዜሮ ፎጣ!"

እኔስ ዝም እላለሁ? "እንዲያውም ከእሱ ይልቅ ይሄ የሻይ ብርጭቆ አልቦታል" ብዬ በረዶ የሞላውን ብርጭቆዬን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ከማዶ ሰማኝ መሰለኝ፣ ሹካውን አስቀመጠ። ኦዴሳ ግን አልሳቀችም።

ሁለተኛው እሑድ የእሳት ቀን ነበር። ልጁ የሻይ ብርጭቆው ነገር ሳያንገበግበው አልቀረም፣ አርባ አንድ ደቂቃ ሰበከ። ወደ መጨረሻው ላይ ቃሉ መጎተት ጀመረ፣ ዓይኑ ፈዘዘ፣ መድረኩን በሁለት እጁ ጨመደደው። ሰዉ ደግሞ "መንፈስ ነው! በል! አትልቀቅ!" ይላል። ኦዴሳ ተነሳች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ማጅራቱን ነካችው። ከዚያ ወደ ዘማሪዎቹ ዞራ "ምን ታፈጣላችሁ? ዘምሩ!" አለችና በብብቱ ገብታ ከኋላ ወዳለው ወጥ ቤት ወሰደችው። እኔም ተከተልኳት፤ ልረዳት ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን ይሆናል? በሩን አፍንጫዬ ላይ ጠረቀመችው።

ይቺን በር አልረሳኋትም። የኋላ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚያች በር ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ የሆነውን ያኔ አላወቅኩም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ራሷ ኦዴሳ ናት የነገረችኝ። ልጁን ወለል ላይ አስተኝታ ለሻይ የተዘጋጀውን በረዶ በማጅራቱና በብብቱ ከመረችበት። ሙቀቱን ለካችው፤ ከአርባ አልፏል። ቆዳው ግን እንደ ወረቀት ደረቅ ነው። ነፍስ ሲዘራ መጀመሪያ የተናገረው "እባክዎ እህት ኦዴሳ፣ ለማንም አይንገሩብኝ" የሚል ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ከተወለድኩ። እናቴ ሕፃን እያለሁ በበጋ ከገንዳ ውሃ አታወጣኝም ነበር።" የላይኛውን ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ አሳያት። የራሱ ጥርስ አራት ብቻ ነው፣ ሾል ሾል ያለ። ላቡም፣ ጥርሱም፣ ፀጉሩም አንድ ላይ የተነፈገው ሰው ነው።

"አንተ ልጅ፣ ታዲያ አፍ የለህም? ለምን አትነግራቸውም?"

"ለሁለተኛዋ ቤተ ክርስቲያን ነግሬያቸው ነበር" አላት። "እንድፈወስ ጸለዩልኝ። ሦስት ሰዓት፣ መስኮት ዘግተው።"

ኦዴሳ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀና አለቀሰች። በሞተችበት ዓመት እንኳ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እርጥብ ይል ነበር።

ሦስተኛው እሑድ ኦዴሳ ስትመጣ ከወንበሯ ሥር ነጭ ጨርቅ የለበሰ ነገር አለ። የመድኃኒት ሣጥን ነው ብለን ነበር። ባልዲ ነው! በረዶ ያለው የጉድጓድ ውሃ የሞላ ባልዲ፣ ውስጡ አራት ፎጣ። ልጁ መስበክ በጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ ተነስታ ግንባሩን "ጠረገችው"፤ ስትጠርገው ፎጣውን አናቱ ላይ ጭምቅ ታደርጋለች። ውሃው በጆሮው፣ በአንገቱ፣ በካባው ወረደ። ትመለሳለች፣ ሌላ ፎጣ። ከኋላ አግዳሚ ያለ ሰው የሚያየው የሚንጠባጠብ ሰባኪ ነው። እናቶች ጮኹ። ልጁም እንደዚያ ቀን ተመችቶት ቆሞ አያውቅም፣ ሃምሳ ደቂቃ ሰበከ። ዲያቆን ሆዜያ "አራት ፎጣ! ፋሲካ ሳይሆን አራት ፎጣ!" እያለ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ማታውኑ ካባው እኔ ጋ መጣ። ልማዴ ነው፣ ከማጠቤ በፊት ገመድ ላይ አደርቀዋለሁ። በማግስቱ ላወርደው ብሄድ ምንም የለበትም። አንድ የጨው መስመር የለም። ዝናብ የመታው ልብስ መስሎ ነው የደረቀው። አንገትጌውን ቀመስኩት። አዎ፣ ቀመስኩት፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ላብ ያጠበ ሰው ምን ያፍራል? ጨው የሚባል የለውም። ወዲያው የነጩ ጨርቅ ሚስጥር ተገለጠልኝ፣ የወጥ ቤቱም በር ትዝ አለኝ። ደስ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሰይ አልኩ፣ ኦዴሳ ዛሬ ተያዘች!

ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም ተሰበሰብን። ሆዜያ "እንግዲህ እጃችንን..." ከማለቱ ካባውን ይዤ ብድግ አልኩ።

"አንድ ጊዜ ወንድም ሆዜያ። ይህን ካባ እዩልኝ። የሰው ላብ ሲደርቅ ጨው ይተዋል። ይህ አልተወም። ያያችሁት ላብ የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ባልዲው ከእህት ኦዴሳ ወንበር ሥር ነበር!"

ቤቱ ተናወጠ። ልጁ መጨረሻው አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፋ። ሆዜያ ፊቱ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ አራት ፎጣ ብሎ ያለቀሰው እሱ ነዋ!

"እህት ኦዴሳ፣ በእግዚአብሔር ቤት አታለሽን?"

ኦዴሳ ቀስ ብላ ተነሳች። ያን ቀን እንኳ ነጭ ለብሳለች። "እኔ ላብ ነው አልኩ? ማን ነው ከእናንተ 'ኦዴሳ፣ ይህ ላብ ነው ወይ?' ብሎ የጠየቀኝ? እኔ ሰው ሲሞቀው ውሃ ያፈሰስኩ ነርስ ነኝ። ላብ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።"

"ሰባኪ ካልሠራ አያልበውም፣ ካላላበው አልሠራም!" አለ ሆዜያ።

"እንዲያ ነው?" አለች። ወደ ልጁ ዞር ስትል እሱ ራሱን ነቀነቀላት፣ ይነገር ማለቱ ነው። "እንግዲያው ወንድም ሆዜያ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡና ወደዚህ ይምጡ።"

ከቦርሳዋ የቁስል አዮዲን አወጣች፣ ከወጥ ቤት ደግሞ ለመረቅ ማወፈሪያ የምናደርገውን የበቆሎ ስታርች አስመጣች። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞቹ ሲያደርጉት አይታለች። የሆዜያን ክንድና መዳፍ በአዮዲን ቀባችው፣ ሲደርቅ ዱቄቱን ነሰነሰችበት። ቡናማ ላይ ነጭ። እንግዲህ እያየን፣ ክንዱ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ሰማያዊ ነጥቦች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ።

"አያችሁ? እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቀዳዳ ነው። ከቆዳ ሥር ክር መስላ የተጠቀለለች ቱቦ አለች፣ ውሃውን ከደም ቀድታ ወደ ላይ ትልካለች። ሲወጣ ሰውነት ጨውን መልሶ ይወስዳል፤ የተረፈውን ነው ዜኖቢያ ካባ ላይ የምትቀምሰው።" ሰዉ ዞሮ አየኝ። የመቅመሴን ነገር ለማንም አልነገርኩም፣ እንዴት እንዳወቀች እስከ ዛሬ አላውቅም። "ሁለት ሦስት ሚሊዮን ናቸው፤ ስትወለዱ ይዛችኋቸው የመጣችሁት ናቸው፣ በጸሎትም በሥራም አይጨመሩም። ላቡ ቆዳ ላይ ሆኖ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ሰው የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው። ተፈናጥሮ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ያረፈው ማንንም አላቀዘቀዘም፤ የባከነ ላብ ነው።"

"በሟቹ አትምጪ!" አለች አንዲት የፊተኛው አግዳሚ እናት።

"አልመጣሁም እማማ። ወንድም ሆዜያ፣ እስቲ መዳፍዎን ይዘርጉ።"

ዘረጋ። መዳፉ ነጥብ የለውም፤ ሙሉ በሙሉ ቀለም ውስጥ የነከረው መስሎ ጠቁሯል።

"ወይ ጉድ!" አለች ኦዴሳ። "ክንድ የሚያልበው በሙቀት ነው። መዳፍ ግን ሙቀት አይጠብቅም፣ በፍርሃት ነው የሚያልበው። ወንድም ሆዜያ፣ ምን ፈርተው ነው?"

"እኔን ነው!" ብላ ሚስቱ ከኋላ ጮኸች። ቤቱ በሳቅ ተገለበጠ። ሆዜያም ባይፈልግ ከንፈሩ ፈገግ አለበት።

ከዚያ ልጁ ሳይጠራ መጣ። ሸሚዙን አወለቀና ጀርባውን ሰጣት። ቀባችው፣ ነሰነሰችው። ጠበቅን። ማራገቢያው ሁሉ ቆመ። እኛ ያን ሰዓት ከአናት እስከ እግር ረጥበናል፤ የእሱ ጀርባ ላይ ዱቄቱ እንደ ነጣ ቀረ። አንዲት ነጥብ አልወጣችም።

"የለኝም" አለ ልጁ፣ ሳይዞር። "ስሰብክ ሙቀቱ ይገባል እንጂ አይወጣም። ውሃ ካልፈሰሰብኝ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጭንቅላቴ መዞር ይጀምራል። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ነገሩን ደብቄያችኋለሁ።"

"በሁለተኛው እሑድ ግን ውሃ ሳይፈስብህ አርባ አንድ ደቂቃ ሰበክህ" አለ ሆዜያ። ሰዓት ይይዛል፣ ልማዱ ነው። "ሊገድልህ ይችል ነበር እኮ! ለምን አላቋረጥክም?"

ልጁ ግራ የገባው መሰለ። "ቃሉ አላለቀማ" አለ።

እኔ የሻይ ብርጭቆዬ ትዝ አለኝ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሠላሳ ዓመት ያጠብኩት ላብ ሁሉ ሟቹን ሲያቀዘቅዘው፣ ሲያድነው የነበረ ላብ ነው፣ እኛ ዋጋ የተከፈለበት ይመስለን ነበር። ዋጋ የከፈለው ይህ ደረቁ ነው።

ሆዜያ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ድምፅ እንስጥ። ሊንዉድ ቴት ፓስተራችን ይሁን የምትሉ፣ እጃችሁን!" አለና መጀመሪያ ራሱ አነሳ። ያ ጥቁር ሰማያዊ መዳፍ ከሁላችንም በላይ ወጣ። ቀለሙ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀውም። የእኔን እጅ ብትጠይቁኝ፣ ካባውን እንደያዘ ነበር የወጣው።

ኦዴሳ ሁለት ወር አላናገረችኝም። በሦስተኛው ወር የወጥ ቤቱን በር ከፍታ "ግቢ እንግዲህ፣ ባልዲ የሚሸከም ሰው እፈልጋለሁ" አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ተሸከምኩላት። እሷ ትጨምቃለች፣ እኔ አቀብላለሁ፤ እየተነጫነጨች፣ "ቀዝቃዛ አይደለም፣ በረዶ አነሰው" እያለች።

የዛሬ አምስት ዓመት በነሐሴ አረፈች። ቤተ ክርስቲያኑ የአየር ማቀዝቀዣ ካስገባ ቆይቷል፤ የቀብሯ ዕለት ተበላሸ፣ እንዲያ ነው እንግዲህ ኦዴሳ። ከመድረኩ በስተግራ ወንበሯ ላይ ነጩን ጓንቷን አስቀምጠናል። ፓስተር ሊንዉድ ወጥቶ ሊናገርላት ቆመ። ዓይኑም እንደ ቆዳው ነው፣ እንባ ይቸግረዋል። ሌላው ሁሉ ይንሰቀሰቃል፣ እሱ ደርቆ ቆሟል። ከሩቅ የመጡ የኦዴሳ ዘመዶች "ይሄ ሰው አንጀት የለውም እንዴ?" ሲባባሉ ሰማሁ። እሱ ግን ቃሉ መጎተት ጀምሯል፣ መድረኩን ጨምድዷል፣ ወደ ባዶው ወንበር ያያል።

ከጠዋት ጀምሮ ፊቴንና አንገቴን ስጠርግበት የዋልኩትን ፎጣ ይዤ ተነሳሁ። እንደ ልማዴ ከወንበሯ ሥር ያስቀመጥኩት ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። በሰባ ስምንት ዓመቴ ደረጃውን ወጣሁና አናቱ ላይ ጨመቅኩለት። ውሃው በግንባሩ፣ በዓይኑ፣ በጉንጩ ወረደ። "እርስዎ እንደ እሷ አይደሉም፣ በረዶ አነሰው" አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ቃሉን ጨረሰ። ከዘመዶቿ አንዷ "ውይ፣ እንዴት አድርጎ አለቀሰላት" አለች፣ እኔም ዝም አልኳት።

ፎጣውን ቤት ወስጄ ገመድ ላይ አደረቅኩት። በማግስቱ ጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ወጥቶበታል። ቀመስኩት። ጨው ነው። የማን ጨው እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ሰው ከጠየቀኝ ግን የፓስተሩ ነው እላለሁ።